ማራገቢያው የጠፋበት ክፍል

ደብረ ብርሃን ላይ ኅዳርንና ታኅሣሥን ያሳለፈ ሰው ውርጩን አይረሳም። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ናት። ጠዋት ከሰርቪስ ስንወርድ ሣሩ ነጭ ሆኖ ነው የሚጠብቀን፤ እስከ ሦስት ሰዓት ድረስ ጣት አይታዘዝም። ይህ ብርድ ከነፍሰ ጡር ሴት ጤና ጋር ምን እንደሚያገናኘው በሥራ ቦታዬ ዐይቼዋለሁ፤ የምጽፈውም ሌሎች ፋብሪካዎች ውስጥ ያላችሁ እህቶች ክፍላችሁን ዞር ብላችሁ እንድታዩት ነው።

የምሠራው በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ የማጠናቀቂያ ክፍል ውስጥ በሱፐርቫይዘርነት ነው። የሠራተኛ ማኅበሩ የደህንነትና ጤንነት ኮሚቴ አባልም ነኝ። ተሰፍቶ የመጣ ልብስ እኛ ጋ ክሩ ይቆረጣል፣ ይተኮሳል፣ ይታጠፋል፣ ይታሸጋል። ከመተኮሻው ጀርባ ደግሞ አንዲት ጠባብ ክፍል አለች። የማሽን ዘይት የነካው ወይም ያደፈ ልብስ ወደዚያ ይሄዳል። ሦስት አራት ሴቶች በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ ሽጉጥ በሚመስል መርጫ እድፉ ላይ ኬሚካል እየረጩ ያስለቅቃሉ። ፈሳሹ ከቲነር ጋር የሚቀራረብ ነው፤ ቶሎ ይተንናል፣ ሽታውም ከሩቅ ይጣራል።

ክፍሏ ግድግዳ ላይ አየር ወደ ውጭ የሚስብ ማራገቢያ ተገጥሞላታል። ማራገቢያው የውስጡን አየር ባወጣ ቁጥር ግን በበሩ ሥር የውጭው ውርጭ ይገባል። ልጆቹ በረዳቸው። አጠፉት። መስኮቱንም በካርቶን ወተፉት። ማንም በክፋት ያደረገው አይደለም፤ ጣቱ የደነዘዘ ሰው መርጫ መያዝ አይችልም። ኮሚቴው ጉዳዩን በጽሑፍ አሳውቆ ነበር፤ ደብዳቤው ግን ጥገና ክፍል ውስጥ ተኝቶ ከረመ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። የእንዲህ ዓይነት ፈሳሾች ተን ከአየር ይከብዳል፤ ወደ ላይ ወጥቶ አይጠፋም፤ ወደ ወለሉ ይወርዳል። በርጩማ ላይ ያጎነበሰች ሴት ፊቷ ያለው እዚያው ተኑ የሚተኛበት ቦታ ነው።

አንድ ጠዋት ከመንዝ የመጣች ልጅ ከበርጩማዋ ላይ ተዝለፍልፋ ወደቀች። አንዷ ሎሚ፣ አንዷ ክብሪት፣ አንዷ ጠበል ትላለች። ተሸክመን ወደ ውጭ አወጣናት፤ ንጹሕ አየር ሲነካት ዐይኗን ገለጠች። ክሊኒክ ወሰድኳት። ሲስተር ልብሷን ላላ አድርጋ የደም ግፊቷን ለካች፤ ከዚያ እኔን ወደ በሩ አሳየችኝና ብቻቸውን ተነጋገሩ። ስትጠራኝ ልጅቱ እያለቀሰች ነበር።

«እትዬ፣ ለማንም እንዳትነግሪብኝ።»

«ዐይን ፈርተሽ ነው?» አልኳት። የመጀመሪያ እርግዝና ሆዱ እስኪገፋ መደበቁ በኛ አገር የተለመደ ነው፤ የምትነግረኝም ይህን መስሎኝ ነበር።

«ዐይኑስ ይቅር። ወረቀቴ በጥር ያልቃል።»

ወረቀት የምትለው የቅጥር ውሏን ነው። ከዚያ በፊት ባለው ዓመት አንዲት ጓደኛቸው ሆዷ ታይቶ ውሏ ሳይታደስላት ቀርቶ ነበር። ያቺ ሴት መብቷን ጠይቃ ሰው ጋ በደረሰች ጊዜ ሦስት ወሩ አልፏል። በአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ መሠረት፣ ያለአግባብ የተሰናበተ ሠራተኛ ወደ ሥራዬ ልመለስ ብሎ የሚያቀርበው ክስ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፤ ጊዜው አልፏል ማለት ነው። ይህን አጥብቄ የምናገረው፣ ብዙ ሴቶች አራስ ቤት ሆነው ይህ ጊዜ ስለሚያልፍባቸው ነው።

ልጅቱ ሦስተኛ ወሯን ይዛ ነበር። እነዚያን ወራት ሁሉ ያቺ ክፍል ውስጥ ተቀምጣለች።

ሐኪም ቤት ሄዳ ተመረመረች፤ ሐኪሙ ከኬሚካል እንድትርቅ ጽፎ ሰጣት። ወረቀቱን ይዘን ወደ ሰው ኃይል አስተዳደር ገባን። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በዚህ ላይ ግልጽ ነው። የምትሠራው ሥራ ለራሷ ወይም ለፅንሱ ጤና አደገኛ መሆኑን ሐኪም ያረጋገጠላት ነፍሰ ጡር ወደ ሌላ ሥራ መዛወር አለባት። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ሥራ ላይ መመደብ ወይም የትርፍ ሰዓት ማሠራት ክልክል ነው። ለእርግዝና ምርመራ ስትሄድ ማስረጃ እስካመጣች ድረስ ከደመወዝ ጋር ይፈቀድላታል። በእርግዝናዋ ወቅት፣ ከወለደችም በኋላ እስከ 4 ወር ድረስ አሠሪው የሥራ ውሏን ማቋረጥ አይችልም፤ ሕጉ ለይቶ ያስቀመጣቸው ጥቂት ምክንያቶች ካልኖሩ በቀር።

ኃላፊው ዝውውሩን አልተቃወመም። የተቃወመው ሌላውን ነው። «እኛ አናባርራትም፤ ውሉ ራሱ ጊዜው ያልቃል» አለ። ብዙ ሴቶች የሚሸነፉት እዚህ ቃል ላይ ነው። ሲሰሙት እውነት ይመስላል። አዋጁ ግን ማንኛውም የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል ብሎ ይነሣና፣ ለተወሰነ ጊዜ መቅጠር የሚቻልባቸውን ሁኔታዎች አንድ በአንድ ይዘረዝራል። የአንድ የተለየ ሥራ መጠናቀቅ፣ ለጊዜው የሌለ ሠራተኛን መተካት፣ ድንገት የበዛ ሥራ፣ ወቅታዊ ሥራ፣ እነዚህን የመሳሰሉ። ዓመቱን ሙሉ የሚሠራ የእድፍ ማስለቀቅ ሥራ ከነዚህ በየትኛው ይገባል? ወረቀቱ ላይ «ለስድስት ወር» ስለተጻፈ ብቻ ሥራው ጊዜያዊ አይሆንም። ኃላፊው ራሱን ነቀነቀ እንጂ አልተረታም። ነገሩን ወደ ሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪው ወሰድነው። ተቆጣጣሪው መጥቶ ውሎቹን አንድ በአንድ አገላብጦ ካየ በኋላ ነው ልጅቱም አብረዋት የነበሩትም ቋሚ የሆኑት። ድርጅቱ ለዚህ ምስጋና ይገባዋል ብዬ አላምንም፤ የሚገባቸውን ነው ያገኙት።

ልጅቱ ወደ ማሸጊያ ተዛወረች፤ ተቀምጣ መለያ ትለጥፋለች። ብዙዎች ጉዳዩ በዚህ ያበቃ መሰላቸው። እኔ ግን ሲስተር የነገረችኝ ነገር እንቅልፍ ነሣኝ። የፅንሱ ልብ፣ አንጎል፣ እጅና እግር መሠረታቸው የሚጣለው ከተፀነሰ በኋላ ከሦስተኛው እስከ ስምንተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። በነዚያ ሳምንታት አንዲት ሴት ወር አበባዋ መቅረቱን ገና ብርድ ነው፣ ድካም ነው እያለች ትሆናለች። ብታውቅም አትናገርም። ሕጉ የሚሰጣት ዝውውር የሚጀምረው ደግሞ የሐኪም ወረቀት ካመጣች በኋላ ነው። ወረቀቱ በደረሰበት ቀን ዋናው ጊዜ አልፎ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አንዲት እርጉዝ ከክፍሉ ወጥታ ሌላ ልጅ ከገባች፣ ያቺ ሌላዋም በሚቀጥለው ወር እርጉዝ ልትሆን ትችላለች። መስተካከል ያለበት ክፍሉ ነው።

ኮሚቴው ይህን ይዞ ተነሣ። መጀመሪያ የመጣው ሐሳብ የኤሌክትሪክ ምድጃ ይግባላቸው የሚል ነበር፤ ይሞቃቸዋል፣ ማራገቢያውንም አያጠፉትም። የጥገናው ጋሼ ገና ሲሰማ ጮኸ። በቀላሉ እሳት የሚይዝ ተን በሞላበት ክፍል የጋለ ሽቦ ማስገባት ማለት ሁሉንም ማቃጠል ነው። እውነቱን ነው። መፍትሔውም ከሱ መጣ፤ የክፍሉን አየር በሙሉ ከመሳብ ይልቅ ከየጠረጴዛው አጠገብ ሰፊ አፍ ያለው ቱቦ አስገብቶ ተኑን ከሚነሣበት ቦታ ወደ ውጭ መሳብ። የሚወጣው አየር ጥቂት ስለሆነ የሚገባው ብርድም ጥቂት ነው። ወፈር ያለ ጃኬት ተጨመረላቸው። ይታደል የነበረው የጨርቅ ማስክ አቧራ እንጂ ተን አይከለክልም፤ የከሰል ማጣሪያ ባለው ተተካ። ከሁሉ የጠቀመን ግን ቀላሉ ነው። ከሚመጣው ልብስ ብዙው በሳሙናና በእንፋሎት ይለቃል። ኬሚካሉ ፈጣን ስለሆነ ብቻ ነበር ለሁሉም የሚረጨው። አሁን መጀመሪያ በሳሙና ይሞከራል፤ እምቢ ያለው ብቻ ወደ መርጫው ይሄዳል።

ማርያም ማረቻት፤ ልጅቱ በሰላም ተገላገለች። ከመውለዷ በፊት 30 ተከታታይ ቀን፣ ከወለደች በኋላ 90 ተከታታይ ቀን ከነደመወዟ ዐረፈች። በቀድሞው አዋጅ የኋለኛው 60 ነበር፤ አሁንም «60 ነው» የሚሉ አለቆች ስላሉ አዋጁን ስልካችሁ ላይ ያዙት። በ30ው ቀን ውስጥ ያልወለደች ሴት ፈቃዷ እስክትወልድ ይቀጥላል። ባሏም የግል ድርጅት ሠራተኛ ነው፤ ከነደመወዙ የሚገባውን 3 ቀን ወሰደ። ለገንፎው እንኳ አይበቃም፤ ቢሆንም መጠየቅ ይገባዋል።

ያልፈታነው አንድ ነገር አለ። እድፍ ማስለቀቂያ ክፍል በቁጥር የሚታሰብ ቦነስ ያለው ሲሆን ማሸጊያ ግን የለውም። የተዛወረች ሴት መደበኛ ደመወዟ ባይነካም በወሩ መጨረሻ የሚደርሳት ያንሳል። በቅርቡ ከአንኮበር በኩል የመጣች ልጅ ገና በሁለተኛ ወሯ፣ ማንም ሳይጠይቃት መጥታ ነገረችኝ። ደስ አለኝ፤ እንዲህ ቀድማ የተናገረች አላጋጠመችኝም ነበር። ቀጥላ የጠየቀችው «ቦነሴስ?» ብላ ነው። ማኅበሩ በኅብረት ስምምነቱ ድርድር ላይ በእርግዝና ምክንያት የተዛወረች ሠራተኛ ከመዛወሯ በፊት ባሉት ሦስት ወራት ታገኝ የነበረው ቦነስ አማካይ እንዲከፈላት ጠይቋል። አስተዳደሩ ወጪ ነው ይላል። እኛ ደግሞ ያለዚህ ሴቶቹ ዝም ብለው ያቺ ክፍል ውስጥ ይቀመጣሉ እንላለን። ድርድሩ አልተዘጋም፤ ይህን አንቀጽ ሳናስገባ እንዳንፈርም ተስማምተናል።