የዘንድሮው የትንሣኤ ሌሊት ከእማዬ ጋር

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሳችሁ! እንቅልፍ ዓይኔ ላይ ቢሆንም ሳይቀዘቅዝብኝ ልጻፈው ብዬ ነው።

ላለፉት ሦስት ዓመታት ፋሲካ ሁሌም ናይት ሺፍት ላይ ነበር የሚደርስብኝ፣ ሥራ ቦታ ሆኜ ቅዳሴውን በስልክ ላይቭ እያየሁ እንባዬ ይመጣ ነበር። ዘንድሮ ሚያዝያ 12 እረፍቴ ሆነና ቅዳሜ ማታ እማዬን ይዤ ዑራኤል ሄድን። እማዬ አክፍላ ነበር፣ ሐሙስ ጉልባን ከቀመሰች በኋላ እህል ውሃ አፏ አልገባም፣ ጉልበቷንም ያማታል እኮ፣ ኧረ ቢያንስ ውሃ ጠጪ ስላት "ጌታዬ ተጠማሁ ሲል ሆምጣጤ ነው የሰጡት" አለችኝና ዝም አልኩ። ግንባሯ ላይ ጠዋት ካህናቱ የሰጧትን ቄጤማ አስራለች። ልጅ እያለን ርግቧ ለኖኅ ለምለም ቅጠል ይዛ እንደመጣች፣ ቄጤማውም ጥፋቱ ውሃ ጎደለ የሚል የምሥራች ነው ብላ ያስተማረችን እሷ ናት።

ግቢው ከአጥር እስከ አጥር ነጭ በነጭ ሆኗል። ሕፃናት ነጠላ ላይ ተኝተዋል፣ አንድ የማላውቀው ልጅ ለእናቱ ያመጣትን ትንሽ ዱካ ለእማዬ ለቀቀላት (እግዜር ይስጠው፣ እናቱም እሺ ብለው መሬት ተቀመጡ)። እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ ብርዱ ነበር የከበደኝ፣ ከዛ በኋላ ግን ሰዓቱን አላየሁትም።

ዲያቆኑ ምስባኩን "ወተንሥአ እግዚአብሔር ከመ ዘንቃህ እምንዋም" ብሎ ሲጀምር ሰውነቴን ነዘረኝ። እግዚአብሔር ከእንቅልፍ እንደሚነቃ ተነሣ ማለት ነው፣ የዳዊት መዝሙር ነው። ከዛ ጧፍ ከሰው ወደ ሰው ይለኮስ ጀመር፣ የፊተኛው ለኋለኛው እየሰጠ ጨለማው ከፊት ወደ ኋላ እየተገፈፈ መጣ፣ የኔን ከእማዬ ላይ ስለኩስ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበርና ሰሙ አውራ ጣቴ ላይ ጠብ አለ፣ አሁንም ቀልቷል። ካህኑ "ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን!" ሲሉ ሕዝቡ "በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን!"፣ "አሰሮ ለሰይጣን!" ሲሉ "አግዓዞ ለአዳም!"። ሰይጣንን አሰረው፣ አዳምን ነጻ አወጣው። እማዬ እኔን ሳትደገፍ ከዱካዋ ብድግ አለች፣ ሦስት ቀን ያልጠጣ ጉሮሮ እንደዛ እልል ይላል ብዬ አስቤ አላውቅም። ጾሙን ሙሉ ዝም ብሎ የከረመው ከበሮ ሲመታማ በቃ፣ አለቀስኩ።

ቤት ስንደርስ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ሆኗል። ዶሮው ሞቆ ይጠብቃል ግን እማዬ መጀመሪያ ተልባዋን ፉት አለች፣ ባዶ አንጀት በአንዴ ቅባት አይችልም ትላለች። ጀርመን ያለችው እህቴም ደወለች፣ ዘንድሮ የፈረንጆቹ ፋሲካ ከኛ ጋር አንድ ቀን ስለዋለ እሷም አገሩ ሁሉ በዓል ሆኖላታል። እማዬ የጧፏን ቁራጭ ካሜራው ላይ ስታሳያት እህቴ "አስቀምጪልኝ" አለቻት፣ አሁን በነጠላ ጫፍ ተጠቅልላ ሥዕለ አድኅኖው ሥር ተቀምጣለች።

ሺፍት የምትመድበንን ልጅ ደግሞ ዛሬውኑ ቴክስት አድርጌላታለሁ፣ ሌላውን በዓል ሁሉ እገባለሁ፣ የትንሣኤን ሌሊት ግን ለእማዬ ተዪልኝ ብያለሁ።