ጣሪያዋን ማን ቆረጣት?

ዛሬ ሙሉ ቀን መኪና ስር ተጋድሜ ዋልኩ። ጀርባዬ አልቋል፣ ግን ደስ ብሎኛል።

ጓደኛዬ ጣሪያዋ የሚታጠፍ አሮጌ ካዲላክ አለችው። «ከፋብሪካ እንዲህ ሆና ነው የወጣችው» ብሎ ድርቅ ይላል። እኔ ደግሞ አላመንኩም። የሻሲ ቁጥሯን ጠርገን አየነው፤ 13 ፊደልና አሃዝ ነው (17 የሆነው ከ1981 ሞዴል ወዲህ ነው)፣ ስድስተኛው ቦታ ላይ 8 ቁጭ ብላለች፣ 1978 ማለት ነው። አለቀ! ካዲላክ እኮ በ1976 ኤልዶራዶ የምትባለውን ሞዴሉን «የመጨረሻዋ ክፍት መኪና» ብሎ ሸጦ ክፍት መኪና መስራት አቁሞ ነበር። ስለዚህ ይቺ ስትወለድ ጣሪያ ነበራት። በነዚያ ዓመታት አሜሪካ ውስጥ አዲስ ባለሁለት በር መኪና ወስደው፣ ጣሪያውን ቆርጠው፣ ሸራ የሚገጥሙ የግል ወርክሾፖች ነበሩ፣ ደንበኛውም ገንዘብ ያለው ሰው ነው።

ከዚያ ምንጣፉን አነሳን። በሮቹ ስር በግራም በቀኝም ተጨማሪ ብረት ተበይዷል። ጣሪያ ሲነሳ ቦዲው ይላላል፣ ጉድጓድ ሲገባ ይወዛወዛል፣ ቆይቶ በሩም አልዘጋ ይላል፤ ለዚያ ነው የሚደግፉት። ብየዳው ደግሞ እንዴት ያምራል! ቆራጩ ማንም ይሁን ማን፣ እጁ ይባረክ።

ስሙ ግን የለም። የሠሪው ስም የተጻፈበት ሰሌዳ የነበረበት የሚመስል ቦታ ላይ ሁለት የብሎን ቀዳዳ ብቻ ቀርቷል።

ጓደኛዬ ትንሽ አኩርፏል። ነገ የኋላ ወንበሩን እንፈታለን።