መዝጊያው እምቢ ያለበት ቦታ

አዲሱን በርሜል ከቆየው የጠመንጃዬ አካል ጋር ገጥሜ የጨረስኩ ዕለት፣ ለሙከራ ያዘጋጀኋትን ባሩድም መለኮሻም የሌላትን ጥይት አጉርሼ የመዝጊያውን እጀታ ወደ ታች ስገፋው ግማሽ መንገድ ላይ ቀጥ አለ። የወራት ድካም በአንድ ጊዜ ከንቱ የሆነ መሰለኝ። ወዲያው የገመትኩት የጥይት ማጉረሻው ጥልቀት አንሷል፣ ሄድስፔሱ ጠቧል ብዬ ነበር፤ እጄም ሬመሩን፣ ማለትም ማጉረሻውን ፍቆ የሚያጠልቀውን መቁረጫ፣ ወደማስቀምጥበት ሣጥን ሄዷል።

ሄድስፔስ የምንለው፣ መዝጊያው ተቆልፎ ሳለ ከመዝጊያው ግንባር አንስቶ ጥይቱ ተደግፎ እስከሚቆምበት ቦታ ድረስ ያለው ርቀት ነው። እንደ .308 ዊንቸስተር ያለ ጥይት የሚደገፈው በትከሻው፣ ማለትም ቀለሁ ወደ አንገቱ በሚጠብበት ቦታ ላይ ነው። እኔ የምጠቀምባቸው ሁለት መለኪያዎች አጭሩ 41.40፣ ረጅሙ 41.50 ሚሊሜትር ገደማ ናቸው፤ መዝጊያው በአጭሩ ላይ መዘጋት፣ በረጅሙ ላይ ደግሞ እምቢ ማለት ይኖርበታል። ይህን ሁሉ ሥራ የሚዳኘው የአንድ ሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ነው።

አጭሩን መለኪያ ሳስገባ መዝጊያው ከበደኝ፤ ጥርጣሬዬም እውነት ሆኖ ታየኝ። ነገር ግን መምቻውን፣ የቀለህ ጎታቹን ጥርስና ቀለህ ወርዋሪውን ሞላ ሳላወጣ ነበር የለካሁት። ሞላው መለኪያውን ወደ ፊት ስለሚገፋ እጅ የሚሰማው ክብደት የብረቱ ሳይሆን የሞላው ነው። ሁሉንም ፈታሁ፣ ማጉረሻውን ከዘይትና ከብረት ፍቅፋቂ አጸዳሁ፣ መዝጊያውን እንደገና መለስኩ። በአጭሩ መለኪያ ላይ እጀታው በራሱ ክብደት ወረደ፤ በረጅሙ ላይ ቆመ። ሄድስፔሱ ትክክል ነበር።

ታዲያ ጥይቷን የከለከላት ምንድን ነው? መልሱን ለማግኘት ጥይቷን በጥቁር ማርከር ቀብቼ፣ እጀታውን ሳላስገድድ በቀስታ አስገብቼ አወጣኋት። ትከሻዋ ላይ ያለው ቀለም አልተነካም ነበር። የተፋቀው አረሩ ነው፤ ዙሪያውን እኩል ተራርቀው የተሰለፉ ትናንሽ ጭረቶች ታዩበት፣ ይኸውም የበርሜሉ ጠመዝማዛ ቦዮች የሚጀምሩበት ጠርዝ የተወው ምልክት ነው። በካሊፐር ስለካት ርዝመቷ 71.8 ሚሊሜትር ሆነ፤ ለዚህ ጥይት የተወሰነው ከፍተኛ ርዝመት 71.37 ነው። አረሩን ወደ ቀለሁ ትንሽ ጠለቅ አድርጌ ስተክለው መዝጊያው ያለ ምንም ትግል ተዘጋ።

ከዚያ በኋላ ነው በእውነት የደነገጥኩት። ሬመሩ ማጉረሻውን ሲያጠልቅ የቦዮቹን መነሻም አብሮ ወደ ፊት ስለሚገፋ፣ በዚያች ምሽት ብጠቀምበት ኖሮ መዝጊያው ይዘጋልኝ ነበር፤ እኔም ችግሩን ፈታሁ ብዬ ደስ ብሎኝ እተኛ ነበር። ሄድስፔሱ ግን ከልክ ያልፍ ነበር። በእንዲህ ያለ ጠመንጃ መምቻው ጥይቱን ሲመታ ወደ ፊት ይገፋዋል፤ የባሩዱ ጋዝ ግፊት ሲጨምር የቀለሁ ስስ ግድግዳ ከማጉረሻው ጋር ይጣበቃል፣ ወፍራሙ የኋላ ክፍል ደግሞ እስከ መዝጊያው ግንባር ድረስ ወደ ኋላ ይለጠጣል። የሚሳሳው ከመቀመጫው ትንሽ ከፍ ያለው ቦታ ነው፤ በዚያ በኩል የሚያብረቀርቅ ቀለበት ከታየ ቀለሁ ሊበጠስ መቃረቡን ያመለክታል፣ ሲበጠስም ትኩሱ ጋዝ ወደ ተኳሹ ፊት ሊመጣ ይችላል። የተቆረጠ ብረት ተመልሶ አይበቅልም፤ በርሜሉን ወደ ኋላ ለመመለስ እንደ እኔ ባለው ጠመንጃ በርሜሉ ከጠመንጃው አካል ጋር የሚገጥምበትን ትከሻ በቶርኖ መቁረጥ ያስፈልጋል። በማጥበቂያ ዳዶ የሚታሰር በርሜል ያላቸው ሰዎች ከዚህ ይሻላሉ፣ ዳዶውን ፈትተው እንደገና ማስተካከል ይችላሉና።

በጉልበት ዘግቼው ቢሆንስ? አረሩ በቦዮቹ ላይ ተጭኖ የተተኮሰ ጥይት ግፊቱ ከታሰበው ሊያልፍ ይችላል፤ ሳይተኮስ ሲወጣም አረሩ በበርሜሉ ውስጥ ተቀርቅሮ ባሩዱ ማጉረሻው ውስጥ ሊፈስ ይችላል።

ዛሬ ማታ የለካኋቸውን ቁጥሮች ሁሉ በወረቀት ላይ ጽፌ ከሁለቱ መለኪያዎች ጋር አስቀምጫለሁ። አንድ የጠመንጃ ባለሙያ የእኔን ቁጥሮች ሳያይ ራሱ በራሱ መለኪያ እንዲለካው እጠይቃለሁ፤ ከዚያ በፊት እውነተኛ ጥይት አላጎርሰውም። የመጀመሪያውንም ቀለህ ጫፉ የታጠፈ ሽቦ አስገብቼ፣ ከውስጥ በኩል የሳሳ ቦታ መኖሩን ዳስሼ አየዋለሁ።