ለጥምቀት ሰሞን የመጡት ገማቾች

ልብስ ሰፊ ነኝ። ሰባት ዓመት ሰው ቤት ተቀጥሬ ከሠራሁ በኋላ በ2010 ዓ.ም. ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ውስጥ የራሴን ሱቅ ከፈትኩ። ያኔ አንድ ሰው ቁጭ አድርጎ ቢነግረኝ ኖሮ የማልገባበት ጣጣ ውስጥ ገብቻለሁ። ለዚህ ነው የምጽፈው።

ምዝገባው ቀላል ነበር። የቀበሌ መታወቂያ፣ ጉርድ ፎቶ፣ የቤት ኪራይ ውል ይዤ ሄድኩ። አሻራ ሰጠሁ፣ ቲን ነምበር (የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር) ወጣልኝ፣ ከዚያ ንግድ ምዝገባና ንግድ ፈቃድ። በሳምንት አለቀ። ብቻ "ፈቃዱን ቶሎ አውጡ" ሲሏችሁ አትቸኩሉ። ማሽኑ ሳይገባ፣ መብራቱ ሳይቀጠል አታውጡ። ፈቃድ ካወጣችሁበት ቀን ጀምሮ ነጋዴ ናችሁ፤ ሠራችሁም አልሠራችሁም ጠያቂ አለባችሁ።

እኔን ያቃጠለኝ የቀን ገቢ ግምቱ ነው። የግብር መሥሪያ ቤት ገማቾች ሱቅ አይተው በቀን ስንት እንደምታስገቡ ይገምቱ ነበር፤ ግብሩም የሚሰላው በዚያ ነበር።

ገማቾቹ የመጡት ጥር 8፣ ከከተራ ሁለት ቀን በፊት ነበር። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ነውና ሱቄ አፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። ሃያ ሦስት ቀሚስ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፣ ሁለት ሴቶች ልክ ለማየት ቆመዋል። ሦስት ሆነው ገቡ። አንደኛው የአንዱን ቀሚስ ጥለት በጣቱ ዳሰስ አደረገና "ይቺ ብቻ ስንት ትሸጣለች?" አለኝ።

"ጨርቁ የደንበኛ ነው። እኔ የምቀበለው የእጅ ዋጋ ብቻ ነው" አልኩት።

"ማስረጃ አለህ?"

አልነበረኝም። ስመዘገብ "ደረጃ ሐ (ትንሹ የግብር ከፋይ ደረጃ) ስለሆንክ የሒሳብ መዝገብ አትገደድም" ተብዬ ነበር። አመንኩ። አንዲት የአርባ ብር ደብተር እንኳ አልገዛሁም። ሰዎቹ ሳይቀመጡ፣ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ወጡ።

ወረቀቱ ሲመጣ በቀን 1,800 ብር ይላል። በ300 ቀን ስታባዙት 540,000 ብር ነው። በወቅቱ ሕግ ደግሞ የዓመት ገቢ 500,000 ከሞላ ደረጃ ለ ነበር፤ ከሐ ከፍ ያለው፣ የሒሳብ መዝገብ መያዝ የሚገደደው። ሁዳዴ ሲገባ ቀኑን ሙሉ ሱሪ አሳጥሬ፣ ዚፕ ቀይሬ የምውልበትን ቀን ማንም አላየልኝም። አንድ የጥምቀት ሳምንት አይተው ዓመቱን ሙሉ ጥምቀት አደረጉት።

ቅሬታ ልናገር ግብር መሥሪያ ቤቱ ሄድኩ። "ሰውየው ስብሰባ ላይ ነው፣ ነገ ና።" አምስት ቀን ተመላለስኩ፤ በየቀኑ ሱቅ ዘግቼ፣ የባጃጅ እየከፈልኩ። በመጨረሻ አንዱ ሰማኝና "እሺ፣ እናየዋለን" አለኝ። ደስ ብሎኝ ተመለስኩ። ከወር በኋላ ስጠይቅ "በጽሑፍ ያስገባኸው የለም፣ ጊዜውም አልፏል" ተባልኩ። ያ "እናየዋለን" ያለኝ ሰው እዚያው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ነበር። ቀና ብሎም አላየኝ። ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል። በራሴም እናደዳለሁ፣ ለምን አንድ ገጽ ወረቀት አልጻፍኩም?

የፌዴራሉ የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 በታክስ ውሳኔ ላይ ለቅሬታ የሚሰጠው 21 ቀን ነው። እናንተን የሚመለከተው ስንት ቀን እንደሆነ ወረቀቱን በተቀበላችሁበት ሰዓት ጠይቁ። ከዚያ በጽሑፍ አስገቡ፣ መዝገብ ቤት ቁጥር ይስጣችሁ፣ ቅጂው ላይ ማኅተም አስመቱ። በቃል የተነገረ ነገር አይቆጠርም።

ግብሩን ለመክፈል ሁለተኛዋን ማሽኔን ሸጥኩ።

"አትገደዱም" ቢሏችሁም ጻፉ። እኔ አሁን ማታ ማታ ሱቅ ሳልዘጋ እጽፋለሁ፦ ቀን፣ የደንበኛ ስም፣ የእጅ ዋጋ። ባዶ የዋልኩበትን ቀንም "ምንም" ብዬ እጽፋለሁ፤ እሱ ነው ዋናው። በየጨርቁ ላይ ደግሞ የባለቤቱን ስም በመርፌ ቁልፍ እሰካለሁ። በሚቀጥለው ጊዜ ገማቾች ሲመጡ ደብተሩን ዘርግቼ ወንበር ሰጠኋቸው። ተቀምጠው የሁዳዴን ገጾች አንድ በአንድ ገለጡ። ግምቱ 700 ብር ሆነ።