ስቶክሆልም ተብሎ ፍራንክፈርት

ከምኖርበት ከፍራንክፈርት አዲስ አበባ ቀጥታ በረራ አለ፤ የገና ሰሞን ዋጋው ግን አይቀመስም። ስቶክሆልም ያለችው የአክስቴ ልጅ ያገኘችውን ዋጋ ስትነግረኝ ግራ ገባኝ። ከስቶክሆልም ተነስቶ፣ እዚሁ እኔ ከተማ አውሮፕላን ቀይሮ፣ አዲስ አበባ ደርሶ መልስ፤ እኔ ከቤቴ አጠገብ ከምነሳበት በሦስት መቶ ዩሮ ገደማ ይረክሳል። ወደ ቦሌ የሚበረው አውሮፕላን ግን አንድ ነው።

ሲያስቡት ምሥጢር የለውም። ከፍራንክፈርት የሚነሳ ሰው ያለ ትራንዚት መሄድ ስለሚወድ ለዚያ ይከፍላል። የስቶክሆልሙ በኢስታንቡልም በዶሃም ማለፍ ይችላልና እሱን ለመሳብ ዋጋ ይወርዳል።

የስቶክሆልሙን ገዛሁ። ሐሳቤ በመልሱ ፍራንክፈርት ስደርስ የመጨረሻዋን በረራ ትቼ ቤቴ መግባት ነበር። አንድ ወዳጄ «ስትሄድስ ለምን ከዚሁ አትሳፈርም?» አለኝ። አይሆንም። የትኬቱ በረራዎች የሚሠሩት በተራቸው ነው፤ የመጀመሪያው ላይ የቀረ ሰው መመለሻው ሳይቀር ይሰረዝበታል። ስለዚህ በርካሽ ትኬት ስቶክሆልም ሄጄ የአክስቴ ልጅ ጋ አደርኩ (ጾም ነበር፣ ሽሮዋ ግን ያስረሳል)፤ በማግስቱ ከስቶክሆልም አውሮፕላን ማረፊያ ከአርላንዳ ተነስቼ ተመልሼ ፍራንክፈርት! ቤቴ በባቡር ቅርብ ሆኖ ሳለ እንደ እንግዳ በር ላይ ተቀምጬ የአዲስ አበባውን ጥሪ ጠበቅኩ።

ወንጀል ነው ወይ የሚለኝ ብዙ ነው። ወንጀል አይደለም፤ አየር መንገዶች ግን የውል ጥሰት ነው ይላሉ። ሉፍታንዛ ከኦስሎ በፍራንክፈርት ሲያትል ደርሶ መልስ የገዛና በመልሱ የኦስሎዋን በረራ የተወ ተሳፋሪ ላይ 2,112 ዩሮ ጠይቆ ከስሶ ነበር። የበርሊን ፍርድ ቤት በ2018 መጨረሻ ክሱን ውድቅ አደረገው። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ እንዲህ ያሉ ትኬቶችን ፈልጎ የሚያሳየው ስኪፕላግድ የተባለ ድረ ገጽ በአሜሪካን ኤርላይንስ ተከስሶ በ2024 ቴክሳስ ላይ የአየር መንገዱን አርማ ያለ ፈቃድ በመጠቀሙ 9.4 ሚሊዮን ዶላር ተፈርዶበታል። እኔ የከፈልኩበት ወንበር ላይ አለመቀመጤ ኃጢአት አይመስለኝም። ነገሩን ልማድ ማድረግ፣ በዚያ ላይ የበረራ ነጥብ የሚጠራቀምበትን የማይል ቁጥር ማስመዝገብ ግን በገዛ እጅ ራስን ማጋለጥ ነው።

የኢትዮጵያ ፓስፖርትና የአሜሪካ ግሪን ካርድ የያዛችሁ ይህን አትሞክሩት። ግሪን ካርዱ ከሸንገን አገሮች ውጭ ስትሄዱ ፍራንክፈርትን በትራንዚት ያሳልፋችኋል እንጂ ያለ ሸንገን ቪዛ ከተማ አያስገባችሁም።

ከሕጉ ይልቅ ያስቸገረኝ ግን ሻንጣ ነው። ቦሌ ላይ ያስረከብኩት ሻንጣ ታጉ የሚታተመው እስከ አርላንዳ ነው፤ እኔ ፍራንክፈርት ስወርድ በርበሬዬ ስዊድን ይገባል። ስለዚህ በእጅ የሚያዝ ስምንት ኪሎ ብቻ። ይህን ለእናቴ ማስረዳት ነበር ጭንቁ።

«ሻንጣ ይፈቀድልህ የለም እንዴ?»

«ይፈቀድልኛል እማዬ፣ ግን አልይዝም።»

«ምነው፣ ተጣላችሁ?»

ቅቤውንና ቋንጣውን አወጣሁ፤ የወተትና የሥጋ ውጤት አውሮፓ አይገባም። ማሩም ቀረ። ፍተሻ ላይ ማር እንደ ፈሳሽ ይቆጠራል፣ ከመቶ ሚሊ ሊትር በላይ አያልፍም ብላት፣ «ፈሳሽ ከሆነማ ጠጅ ሆኗል ማለት ነው» ብላ ፊቷን አዞረች። በርበሬ፣ ሽሮና ትንሽ ድርቆሽ ተረፉ። የጃኬቴን ኪሶች ቆሎ ሞላችባቸው።

በዚህ መሀል አክስቴ መጣች፣ ፌስታል ይዛ። «ትኬትህ ስቶክሆልም ነው አሉኝ፤ ለልጄ ነው።» ሁለት ኪሎ በርበሬ! እዚያ አልደርስም ብዬ ብጀምርም ትኬቱ ላይ የተጻፈውን ማን ይክዳል? ከእኔ ሽሮ ግማሹ ወጥቶ የእሷ ገባ።

ቦሌ ላይ የመዘገበችኝ ልጅ «ሻንጣዎን እዚህ ያድርጉልኝ» አለች። የለኝም ስላት ቀና ብላ አየችኝ። ሐበሻ ሆኖ ከገና በኋላ ባዶ እጁን ከአዲስ አበባ የሚወጣ አላጋጠማትም መሰለኝ። መሳፈሪያው በር ላይ ደግሞ አውሮፕላኑ ሞልቷል ተብሎ የእጅ ሻንጣ እየሰበሰቡ ወደ ጭነት መስደድ ጀመሩ። እኔ ከፊት ተሰልፌ ስለነበር አለፍኩ። እዚያ ቢወስዱብኝ ያ ሁሉ ስሌት ገደል ገብቶ ነበር።

ፍራንክፈርት ላይ የጠየቀኝ የለም። ወደ ስቶክሆልም የሚቀጥለውም ፓስፖርቱን የሚያሳየው እዚያው ስለሆነ አብሬያቸው ተሰለፍኩ፤ ከዚያ እነሱ ወደ በራቸው፣ እኔ ወደ ባቡሩ። ምናልባት ስሜን እየጠሩ በረራው ዘግይቶ ይሆናል፤ እሱ ብቻ ከንክኖኛል።

ማታ የአክስቴ ልጅ ደወለች። «አርላንዳ ልምጣ እንዴ? እማዬ በርበሬ ይዞልሻል ብላኛለች።» በማግስቱ ፖስታ ቤት ሄድኩ። የመላኪያውን የከፈልኩት ከተረፈኝ ላይ ነው፤ ለእሷ ግን አልነገርኳትም።