ከችግኝ ጋር የሚጓዝ በሽታ

በአዊ፣ በተለይም በፋግታ ለኮማ ወረዳ፣ ዲከረንስ የተባለው የግራር ዘመድ ዛፍ የብዙ ቤተሰብ መተዳደሪያ ሆኖ ቆይቷል። ገበሬው በመጀመሪያው ዓመት ችግኙን ከጤፍ ጋር ይተክላል፤ ዛፉ አራት አምስት ዓመት ሲሞላው ቆርጦ ከሰል ያከስለዋል፤ በአሲድ የተጎዳው መሬትም እስከዚያው ያገግማል። በ2012 ዓ.ም. አካባቢ በዚህ ደን ላይ የወረደው ዋግ ግን ይህን ሥርዓት ክፉኛ አናጋው። ዩሮሚክላዲየም የተባለው ይህ ፈንገስ እ.ኤ.አ. በ2013 በደቡብ አፍሪካ ዋትል በሚባለው የዲከረንስ ዘመድ እርሻዎች ላይ የታየ ሲሆን፣ ስንዴን ከሚያጠቃው ዋግ ጋር ቢዛመድም ራሱን የቻለ በሽታ ነው። ቅጠሉና ለጋው ቀንበጥ ቡናማ ዱቄት ይለብሳል፤ ዱቄቱ ሲነኩት ጣት ላይ ይቀራል፤ ዝናብ ሲያገኘው ደግሞ ርሶ ይዝለገለጋል።

ዋግ በነፋስ ስለሚዛመት ጥፋቱን ሁሉ በችግኝ አፍይዎች ላይ መጫን ፍትሐዊ አይሆንም። ይሁን እንጂ ዋጉ አጥብቆ የሚይዘው ለጋ ቅጠልን ነው፤ ለጋ ቅጠል ደግሞ እንደ ችግኝ መደብ ተጠጋግቶና ሁልጊዜ እርጥበት ይዞ የሚገኝበት ሌላ ቦታ የለም። በአንድ መደብ ጥግ የታየ ጥቂት ቡናማ ነጥብ ሳይነቀል ከቀረ ችግኙ በአይሱዙ ተጭኖ ነፋሱ በራሱ ጊዜ ሊደርስበት ከሚችለው ቀድሞ ሌላ ወረዳ ይገባል።

ተባይም ቢሆን የሚጓዝበት መንገድ ይኸው ነው። የማንጎ ነጭ ስኬል በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2010 ከዓባይ ማዶ በምሥራቅ ወለጋ ሲሆን፣ የገባውም ከውጭ ከመጣ የማንጎ ችግኝ ጋር እንደሆነ ይታመናል። ሴቷ ክንፍ የላትም፤ ቅጠል ላይ ተለጥፋ የምትኖር ፍጥረት ሩቅ አገር የምትደርሰው ሰው ሲያጓጉዛት ነው።

እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ግን በዓይን የማይታየው ሥር አበስብስ ነው። በሜጫ በቆጋ መስኖና በሌሎችም አካባቢዎች አቮካዶ እየተስፋፋ በመጣበት በዚህ ጊዜ፣ ፋይቶፍቶራ የሚባለው የአቮካዶ ሥር ጠላት ከችግኙ ጋር ወደ ማሳ ከገባ በኋላ ከአፈሩ ማስወጣት አይቻልም ማለት ይቀላል። ይህ ተሕዋስ በውሃ ውስጥ የሚዋኝ ዘር ስላለው ከአንዱ የችግኝ ላስቲክ ወደ ሌላው የሚሸጋገረው መደቡ ላይ በተኛው ውሃ ነው። የታመመው ችግኝ በዳስ ጥላ ሥር በየቀኑ ውሃ እየጠጣ እስካለ ድረስ ቅጠሉ አምሮ ሊታይ ይችላል፤ ተተክሎ በጋው ሲበረታበት ግን ይጠወልጋል፤ ገበሬውም አፈሩን ወይም ራሱን ይወቅሳል።

ስለዚህ ችግኝ ስንገዛ ከቅጠሉ ይልቅ ሥሩን ማየት አለብን። ከመደቡ መካከል አንዱን መርጦ ላስቲኩን በምላጭ መቅደድና አፈሩን ቀስ ብሎ ማራገፍ ነው። ጤነኛ ሥር ጫፉ ነጭና ጠንካራ ነው። የታመመው ቡናማ ሆኖ፣ በሁለት ጣት ይዘው ሲስቡት ቅርፊቱ ይወልቅና መካከለኛው ክር ብቻ በእጅ ይቀራል። እንዲህ ያለ ሥር ከተገኘ አጠገቡ ያሉትም አይገዙ።

ለአፍይው መከላከያው ውድ አይደለም። የአቮካዶ ፍሬ መሬት ከወደቀው ሳይሆን ከዛፉ ላይ ይለቀም፤ ዘሩም 50 ዲግሪ በደረሰ ውሃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ይቆይ፤ ሙቀቱ ከዚህ ብዙ ካለፈ ዘሩን ስለሚገድል ቴርሞሜትር ያስፈልጋል። ላስቲኩ በጠጠር ወይም በእንጨት ርብራብ ላይ ይቀመጥ እንጂ ጭቃ አይንካው። መቀሱና መኮትኮቻው መጀመሪያ ከአፈር ይታጠብ፤ ከዚያ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በተበረዘበት ይነከር፤ አፈር የያዘ መሣሪያን በረኪና አያጸዳውምና ቅደም ተከተሉ አይገለበጥ። በመጋቢትና በሚያዝያ ፀሐይ እርጥብ አፈርን ብርሃን በሚያሳልፍ ፕላስቲክ ሸፍኖ፣ ጠርዙንም ቀብሮ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ማቆየት ብዙውን የአፈር በሽታ ይቀንሳል። በቡሬና በወንበርማ የበርበሬ ችግኝ የሚያፈሉ ወገኖችም መደባቸውን በየዓመቱ ቦታ ቢያቀያይሩ ይጠቀማሉ።

ይህን ሁሉ የሚያሰናክለው በቁጥር የመመዘን ልማዳችን ነው። ይህን ያህል ችግኝ ተፈላ፣ ይህን ያህል ተሠራጨ ተብሎ ሪፖርት ይቀርባል፤ ስንት በሽተኛ ችግኝ ተነቅሎ ተቃጠለ ተብሎ ሲጠየቅ ግን ሰምቼ አላውቅም። የነቀለ አፍይ ኮታውን እንዳላሟላ ከተቆጠረበት ለምን ይነቅላል? የተወገደው ችግኝ ከነምክንያቱ የሚጻፍበት መዝገብ በየጣቢያው ሊኖር፣ መዝገቡም እንደ ሥራ ሊቆጠር ይገባል። ዘሩና ለማዳቀያ የተቆረጠው ቅርንጫፍ ከየትኛው ዛፍ እንደመጣም እዚያው ይጻፍ።

ገዢዎችም የገዛነውን ችግኝ በዕለቱ ከነባሩ ተክል መካከል ከመትከል ይልቅ ሁለት ሦስት ሳምንት ለብቻው አቆይተን፣ የሚጠጣውም ውሃ ወደ ማሳው እንዳይወርድ አድርገን እንየው። ሥሩን አሳዩኝ ሲባሉ ሳይቆጡ አንዱን ችግኝ ቀደው ለሚያሳዩ አፍይዎች ደግሞ የዚያን ችግኝ ዋጋ ጨምረን እንክፈላቸው።