ከአብዶኛው ኋላ የሚሮጠው ሰው

ትናንት ማታ ከታላቅ ወንድሜ ጋር የጀመርነው ክርክር እስከ እኩለ ሌሊት ዘልቆ ሳንስማማ ተለያየን። መነሻው በ58ኛው ደቂቃ የተደረገ ቅያሪ ነበር። የምንደግፈው ክለብ አሰልጣኝ ቡድኑ 1 ለ 0 እየተመራ ሳለ የግራ መስመር አጥቂያችንን አስወጥቶ፣ ብዙ የሚሮጥ ነገር ግን ኳስ ይዞ ማንንም የማያልፍ ተጫዋች አስገባ፤ ጨዋታውም በዚያው ውጤት ተጠናቀቀ። የወጣውን ተጫዋች ስም በዚህ ማስታወሻ ላይ አልጽፈውም፤ ስሙ ሲነሣ ነገሩ ወዲያው ስለ ደመወዙና ስለ ጠባዩ ይሆናል፤ እኔ ማሰብ የምፈልገው ግን ስለ አጨዋወቱ ብቻ ነው።

«ልጁ ድንቅ ነው፤ ለዚህ አሰልጣኝ ግን አይሆንም» አለ ወንድሜ። «አሰልጣኙ ነው ለልጁ የማይሆነው» አልኩት። እነዚህ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች በተለያየ ክለብና በተለያየ ተጫዋች ስም ሲወረወሩ ስሰማ ኖሬአለሁ፤ ሁልጊዜም በሁለተኛው ወገን ቆሜአለሁ፤ ምክንያቱም ኳስን እንድወድ ያደረጉኝ ፊት ለፊታቸው የቆመውን ተከላካይ በአብዶ የሚያልፉ ተጫዋቾች ናቸው። ወንድሜ ሊለየኝ ሲል የተናገረው ነገር ግን እንቅልፍ ነሣኝ። «አንተ ኳሷን ብቻ ነው የምታየው። ነገ ጨዋታውን ደግመህ ክፈትና እሱን ተወው፤ ከኋላው ያለውን የግራ ተከላካይ ብቻ ተከተል» አለኝ።

የአሰልጣኛችን አጨዋወት ከመስመር አጥቂ ምን እንደሚጠይቅ ከዚህ በፊትም አውቅ ነበር። ኳስ በተጋጣሚ ተከላካዮች እግር ሥር ስትሆን ቡድኑ በሙሉ ወደ ፊት ተጠግቶ ይጫናል፤ በዚያን ጊዜ የመስመር አጥቂው ወደ መሐል ተከላካዩ ሲሮጥ ሩጫውን ጠምዘዝ አድርጎ፣ ወደ ቀኝ ተከላካዩ የሚወስደውን የቅብብል መንገድ በጀርባው እየዘጋ መሄድ አለበት። ሩጫው ቀጥ ካለ ወይም በአንድ ሰከንድ ከዘገየ ኳሷ በጎኑ ታልፍና ወደ ፊት የወጡት አራት አምስት ሰዎች በአንድ ጊዜ ከኳሷ ኋላ ይቀራሉ። ኳስ ከተነጠቀ በኋላም በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ወደ ግብ ካልተደረሰ ዕድሉ ያመልጣል ተብሎ ስለሚታመን፣ ሁሉም ሰው የሚሮጠው ኳሷ እንደማትቆም እርግጠኛ ሆኖ ነው።

የእኛ ልጅ ግን ኳስ ሲደርሰው ይቆማል። መቆሙን ስንፍና የሚሉት ሰዎች አይገባቸውም ብዬ አምናለሁ፤ ቆሞ ተከላካዩን እየጠራው ነው። ጫማውን በኳሷ ላይ አሳርፎ፣ ትከሻውን ወደ አንድ ወገን አዘንብሎ፣ ተከላካዩ ክብደቱን በአንድ እግሩ ላይ እስኪጥል ይጠብቃል፤ ሲጥል በሌላው በኩል ይሄዳል። ይህ ሁሉ ሁለት ሦስት ሰከንድ ይፈጃል፤ እነዚያ ሰከንዶች ደግሞ አሰልጣኙ ለማንም ሊሰጣቸው የማይፈልጋቸው ናቸው። አጥቂው የፍጹም ቅጣት ምት ክልል ውስጥ ገብቶ ኳስ ሲጠብቅ፣ የተጋጣሚ አማካዮች ወደ ቦታቸው ሲመለሱ፣ እሱ ገና ከአንድ ሰው ጋር ፊት ለፊት ቆሟል።

ዛሬ ጠዋት ወንድሜ እንዳለኝ አደረግሁ። ለሰባት ዓመት ያህል በየሳምንቱ የማየውን ክለብ እንደ አዲስ ያየሁት መሰለኝ። የግራ ተከላካዩ፣ ልጁ ኳስ ይዞ በቆመ ቁጥር፣ አንድ ተከላካይ ከእሱ ለማራቅ በውጭ በኩል አልፎት እስከ ማዕዘን ምት መምቻው ድረስ ይሮጣል፤ ኳሷ አትሰጠውም፤ ልጁ ሲነጠቅ ደግሞ ያንኑ መንገድ በእጥፍ ፍጥነት ይመለሳል። የተጋጣሚው ቀኝ ተከላካይ ወደ ፊት ሲወጣ ልጁ ስለማይከተለው የእኛ ሰው ብቻውን ሁለት ሰው ይጠብቃል፤ ወደ አንዱ ሲጠጋ ሌላው ይለቀቃል። የተቆጠረብንን ግብ የመሐል ተከላካያችን ጥፋት ነው ብዬ ለወንድሜ በእርግጠኝነት ተናግሬ ነበር። ምስሉን አሥር ሰከንድ ወደ ኋላ መልሼ ሳየው ግን የመሐል ተከላካዩ ከቦታው የወጣው የግራ ተከላካዩን ለማገዝ ነበር፤ የግራ ተከላካዩ እገዛ ያስፈለገው ሁለት ሰው ስለመጣበት ነው፤ በዚያው ምስል ጥግ ላይ ልጃችን እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ በእርምጃ እየተመለሰ ይታያል። ምስሉን አቁሜ ለረጅም ጊዜ አየሁት።

ይሁን እንጂ ወንድሜ እንድመለከት ያላዘዘኝንም ነገር አይቻለሁ። ልጁ ሜዳ ላይ እስካለ ድረስ የተጋጣሚው ቀኝ ተከላካይ ከመሐል ሜዳ አልፎ የወጣው አልፎ አልፎ ብቻ ነው፤ ሊወጣ ሲል እንኳ ትከሻውን ዞር አድርጎ ልጁ የት እንደቆመ ያይ ነበር። ከ58ኛው ደቂቃ በኋላ ያ መጠራጠር ጠፋ። የገባው ተጫዋች በትጋት እየሮጠ ተከተለው፤ ተከላካዩ ግን ከዚያ በኋላ ኋላውን አላየም። ያለ ሩጫ የሚደረግ መከላከልም አለ ለካ፤ ተጋጣሚን በሥጋት ከቦታው እንዳይንቀሳቀስ ማድረግ። ይህን ከሩጫ ርቀት ጋር በአንድ ሚዛን የሚመዝነው ማን እንደሆነ እንጃ።

ወንድሜ በእንዲህ ያለ ክርክር ሁልጊዜ የሚያነሣው እ.ኤ.አ. በ1994 በአሜሪካ የተካሄደውን የዓለም ዋንጫ ነው። አሪጎ ሳኪ ጣሊያንን ይዞ የመጣው ሁሉም በአንድ መስመር የሚንቀሳቀስበትን፣ ቦታን የሚጠብቀውንና ተጭኖ የሚጫወተውን አጨዋወቱን ይዞ ነው፤ በዚያው ቡድን ውስጥ ግን በ1993 የባሎን ዶር ሽልማት የወሰደው ሮቤርቶ ባጆ ነበር። በአየርላንድ 1 ለ 0 ተሸንፈው ከኖርዌይ ጋር ሲጋጠሙ ግብ ጠባቂው ፓሊዩካ ገና በመጀመሪያው አጋማሽ በቀይ ካርድ ወጣ፤ ሳኪም ተጠባባቂ ግብ ጠባቂ ለማስገባት ያስወጣው ባጆን ነበር። ባጆ እየወጣ «ይህ ሰው አብዷል» ማለቱን ከከንፈሩ እንቅስቃሴ ያነበቡ ብዙዎች ናቸው። (እኛ አብዶ የምንለው ጥበብ ከዚህ ቃል ጋር ድምፅ መጋራቱ ሁልጊዜ ይገርመኛል።) ጣሊያን በ10 ሰው፣ ሌላው ባጆ፣ ዲኖ፣ ባስቆጠረው ግብ 1 ለ 0 አሸነፈች። ወንድሜ ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆመዋል፤ አሰልጣኙ ትክክል ነበር ብሎ።

እኔ ደግሞ ከዚያ እቀጥላለሁ። በጥሎ ማለፉ ከናይጄሪያ ጋር ጣሊያን 1 ለ 0 እየተመራች ዞላ በቀይ ካርድ ወጣ፤ እንደገና 10 ሰው ሆኑ፤ በዚህ ጊዜ ግን ባጆ ሜዳ ላይ ነበር። ጨዋታው ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው አቻ አደረጋቸው፤ በጭማሪው ሰዓትም በፍጹም ቅጣት ምት የማሸነፊያዋን ግብ አስቆጠረ። ስፔንን ያሸነፉበትን ሁለተኛ ግብና በግማሽ ፍጻሜው ቡልጋሪያ ላይ የተቆጠሩትን ሁለቱንም ግቦች ያገባው እሱ ነው። በፍጻሜው ከብራዚል ጋር የመለያ ምቱን ከአግዳሚው በላይ ሰድዶ አንገቱን ደፍቶ የቆመበትን ምስል ሁሉም ያስታውሳል፤ ወደዚያ ፍጻሜ ያደረሳቸው ማን እንደሆነ ግን በክርክር መሐል ይረሳል። ለአንዱ ቀን ሳኪ ትክክል ነበር፤ ለሌላው ቀን ባጆ፤ የሁለቱም ቀን ቡድን ደግሞ አንድ ነው።

«ይስማማዋል» ወይም «አይስማማውም» በሚለው ቃል ላይ እምነቴን ያሳጣኝ ግን ከሁሉ በላይ የአርጀንቲናዊው አማካይ የኹዋን ሮማን ሪኬልሜ ታሪክ ነው። በ2002 ባርሴሎና ሲገባ አሰልጣኙ ሉዊ ቫን ኻል ያልጠየቀው ተጫዋች ነበር፤ ብዙ ጊዜም ከመሐል አውጥቶ በመስመር ላይ አሰለፈው። በቪያሪያል ደግሞ ማኑኤል ፔሌግሪኒ ቡድኑን በእሱ ዙሪያ ሠራለት፤ ከኋላው ማርኮስ ሴና ቦታ እየሸፈነለት፣ ከፊቱ ዲዬጎ ፎርላን እየሮጠለት፣ እሱ ኳሷን በጫማው ሥር አቁሞ ቀና ብሎ ያያል። በ2004–05 የውድድር ዘመን በስፔን ሊግ ሦስተኛ ሆኑ፤ በሚቀጥለው ዓመትም ለሻምፒዮንስ ሊግ ግማሽ ፍጻሜ ደርሰው፣ በመልሱ ጨዋታ መጨረሻ ላይ ሪኬልሜ የመታውን የፍጹም ቅጣት ምት የአርሰናሉ ሌህማን አዳነበት። እስከዚህ ድረስ «ትክክለኛውን አሰልጣኝ ያገኘ አብዶኛ» ብዬ ለወንድሜ በምሳሌነት አቀርበው ነበር። ሆኖም ከዚያ ጨዋታ በኋላ ዓመት ሳይሞላ ያው ፔሌግሪኒ ከቡድኑ አስወጣው፤ ሪኬልሜም በ2007 ወደ ቦካ ጁኒየርስ በውሰት ተመልሶ በኮፓ ሊበርታዶሬስ የፍጻሜ መልስ ጨዋታ ሁለት ግብ አስቆጥሮ ዋንጫውን አነሣ። ተጫዋቹም አሰልጣኙም የቀድሞዎቹ ናቸው፤ ተስማሙ፤ ቆይተው ደግሞ አልተስማሙም። እንግዲያው መስማማት እንደ ጫማ ቁጥር አንድ ጊዜ ተለክቶ የሚያልቅ ነገር አይደለም፤ ሌሎቹ ዘጠኝ ሰዎች ለእሱ ሲሉ ተጨማሪውን ሩጫ ለመሮጥ በየሳምንቱ መስማማታቸው ነው ጉዳዩ።

ይህን ፈቃድ በግልጽ ሕግ ያደረገ አሰልጣኝ ኒል ዋርኖክ ነው። በ2010–11 በኩዊንስ ፓርክ ሬንጀርስ ሳለ፣ የቡድን ጓደኞቹ በራሳቸው ሜዳ ለአብዶኛው አደል ታራብት ኳስ እንዳያቀብሉ ከልክሎ እንደነበር ራሱ ተናግሯል፤ እዚያ ቢነጠቅ አደጋ ነው፤ ከመሐል ሜዳ ወዲያ ግን የፈለገውን ያድርግ። ታራብት በዚያ ዓመት 19 የሊግ ግብ አስቆጥሮ ቡድኑ የእንግሊዝን ሁለተኛ ሊግ፣ ቻምፒየንሺፑን፣ አሸነፈ። ወደ ፕሪሚየር ሊግ ሲወጡ ግን ነገሩ እንደዚያ አልቀጠለም፤ ዋርኖክም በጃንዋሪ 2012 ተሰናበተ። ተጋጣሚው ሲበረታ ለአንድ ሰው ነፃነት የሚከፈለው ሩጫ ይወደዳል፤ ይህን ለማየት የሠንጠረዥ ስሌት አያስፈልግም፤ የእኛን የግራ ተከላካይ በ50ኛው ደቂቃ ላይ ሲያለከልክ ማየት ይበቃል።

አብዶኛው ለአሰልጣኙ ብሎ ራሱን ሲለውጥስ? ማንቸስተር ሲቲ በ2021 ለጃክ ግሪሊሽ 100 ሚሊዮን ፓውንድ ሲከፍል፣ በአስቶን ቪላ ሦስት ሰው እየጎተተ የሚያልፈውን አምበል የገዛ መስሎኝ ነበር። አሰልጣኙ ጋርዲዮላ የፈለገው ግን ኳሷን የማያስነጥቅ፣ በመስመር ላይ ይዟት ቆሞ ቡድኑን የሚያሳርፍ፣ ካልሆነለት ወደ ኋላ የሚመልስ ተጫዋች ነበር፤ ግሪሊሽም ያንን ሆነ፤ በ2022–23 ሦስቱንም ትልልቅ ዋንጫዎች ሲያነሡ ቋሚ ተሰላፊ ነበር። ዋንጫውን አልቀንስበትም። ነገር ግን የቪላውን ግሪሊሽ የወደድነው ሰዎች ያጣነው ነገር በየትኛውም ሠንጠረዥ ላይ እንዳልተመዘገበ በሙሉ ልቤ እናገራለሁ። ሰው ለማለፍ ሞክሮ የተነጠቀ ተጫዋች ጥፋቱ ይቆጠርበታል፤ ኳሷን ወደ ኋላ የመለሰው ግን ሳይሞክር የቀረው ነገር በማንም ዘንድ አይቆጠርም። በስታዲየምም በቴሌቪዥን ፊትም ቁጣችን ሁልጊዜ በሞከረው ላይ ነው፤ በዚህ ነገር እኛ ደጋፊዎች ከአሰልጣኞች የበለጠ ጨካኞች ነን።

ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ለወንድሜ ስደውልለት እንደ ትናንቱ አልተከራከርኩም። ግቡን በተመለከተ እሱ ትክክል እንደነበረ ነገርኩት፤ ስለ ቀኝ ተከላካዩ መጠራጠርም ነገርኩት። ለጥቂት ጊዜ ዝም ብሎ «እሱን አላየሁም ነበር» አለ። አሰልጣኙ ከልጁ ጀርባ አንድ ሰው ጨምሮ፣ ለምሳሌ የግራውን አማካይ ወደ ኋላ ስቦ፣ ነፃነቱን ቢሰጠው ምን ይጎዳል ብዬ ጠየቅሁት። «ያ አማካይ ነው ግብ የሚያገባልን» አለኝ። እውነቱን ነው።

ከስድስት ቀን በኋላ የጨመርኩት፦

ዛሬ ጨዋታውን አብረን አየን። ልጁ በቋሚ አሰላለፍ ገብቶ ነበር። በ70ኛው ደቂቃ ላይ ሰው ሊያልፍ ሲል ተነጠቀ፤ እንደ ወትሮው ግን አልቆመም፤ ዞሮ እስከ እኛ የፍጹም ቅጣት ምት ክልል ጫፍ ድረስ ሮጦ ኳሷን ተንሸራትቶ ወደ ውጭ አወጣት። ስታዲየሙ ተነሥቶ አጨበጨበለት፤ አሰልጣኙም ከመስመር ላይ ሆኖ አውራ ጣቱን አሳየው፤ ወንድሜ ደግሞ ክንዴን ያዝ አድርጎ «አየህ?» አለኝ። የግራ ተከላካዩ ሄዶ ከመሬት አነሣው፤ እኔም ደስ አለኝ። ከዚያ በኋላ እስከ ፊሽካው ድረስ ኳስ በደረሰው ቁጥር ወደ ኋላ መለሳት፤ ሰው ለማለፍ አንድ ጊዜም አልሞከረም። ወንድሜ ይህን አልቆጠረም፤ እኔ ቆጥሬአለሁ።